ጭቃ ሹም ዳኘውና የቲንቲሊያ ወይን

ከማንኩሳ ወረድ ብላ ባለች መንደር የሚኖሩት ጭቃ ሹም ዳኘው፣ ሰው ያቀረበላቸውን ነገር መንቀፍ የማይሆንላቸው ሰው ነበሩ። የጎመዘዘ ጠላ ቢሰጧቸው «እጅሽ ይባረክ» ብለው ይደግማሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አቻምየለሽ «ይህ ይሉኝታዎ አንድ ቀን ጉድ ያፈላብናል» ይሏቸው ነበር።

ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ በተቀመጠ በሁለተኛው ዓመት የምሽጉ አዛዥ የአካባቢውን ሹሞች ግብር ጠራ። ሊያበላን ነው ወይስ ሊያስከፍለን እያሉ ሁሉም ፈራ ተባ እያሉ ሄዱ። ካፒቴኑ ዶሜኒኮ ይባላል፤ በአገሩ የገበሬ ልጅ ነው። ሥጋው ተበልቶ ሲያበቃ አንድ ጠርሙስ እንደ ሕፃን አቅፎ መጣና በሐማሴኑ አስተርጓሚ በክንፈሚካኤል አፍ እንዲህ አለ፦

«ይህ ከአባቴ እርሻ የመጣ ወይን ነው። ዘሩ ቲንቲሊያ ይባላል። ከኛ ተራራ ወዲያ ያለ ጣሊያን እንኳ አያውቀውም።»

ቀይ ይበሉት እንጂ ወደ ጥቁር ያደላ ነበር። አንዱ ሹም ከንፈሩን አርሶ አስቀመጠው። ሌላው «ለየትኛው በሽታ ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ ክንፈሚካኤል ይህን አልተረጎመም። ዳኘው ተራቸው ሲደርስ ጨለጡት። ጥሬ እንኮይ እንደነከሰ ሰው አፋቸው ተኮማተረ፤ ከኋላው እንደ ቁንዶ በርበሬ ያለ ማቃጠል ተከተለ። ካፒቴኑ ዓይን ዓይናቸውን ያያል።

«ጌታዬ» አሉ፣ «ከተወለድሁ እንዲህ ያለ ነገር ቀምሼ አላውቅም።»

እውነታቸውን ነበር። ካፒቴኑ ትርጉሙን ሲሰማ ግን ተነሥቶ አቀፋቸው።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ሣጥን ወይን በበቅሎ ተጭኖ ደጃቸው ደረሰ። ካፒቴኑም ለቅኝት በወጣ ቁጥር ከነአስተርጓሚው ጎራ እያለ «ወዳጄ፣ እንጠጣ!» ይል ጀመር። ወይዘሮ አቻምየለሽ የባላቸውን ስቃይ ሊያቀሉ ማር ሞከሩበት። «ወይኑ አልተሻለውም፤ ማሬን ግን አበላሸሁት» አሉ።

የደብሩ ቄስ ይርሳው ሳይቀሩ መጥተው «ካቶሊክ ሆኑ ይባላል፤ እውነት ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ኧረ አባቴ፣ ይፍቱኝ! እኔ ወይኑንም አልወደድሁት።»

«ታዲያ ለምን ይጠጣሉ?»

ዳኘው ለቄሱ ጠላ ይቀዳላቸው ብለው ወደ ጓዳ ተጣሩ።

በኅዳር አርበኞች መንገድ ላይ የጣሊያን ካሚዮን መቱ። የካፒቴኑ ወታደሮች ከወንዙ ማዶ ያለውን የእህል ክምር ሁሉ አቃጥለው ሦስት ገበሬዎች አስረው ሄዱ። በማግሥቱ ካፒቴኑ ልብሱ ጢስ ጢስ እየሸተተ መጥቶ ከዳኘው መደብ ላይ ተቀመጠና «ዛሬ ደክሞኛል» አለ፣ ሲያርስ እንደዋለ ሰው። ከጓሮ፣ ከታሰሩት የአንዱ የላቀው እናት እታለም ድምፃቸውን ውጠው ያለቅሳሉ።

ዳኘው አንዱን ብርጭቆ ጠጡ። ሁለተኛውንም ጠጡ። ሦስተኛውን ራሳቸው ጠየቁ። የካፒቴኑ ፊት በራ።

«ጌታዬ፣ የአባትዎ እጅ ይባረክ» አሉ። «እነዚያ የታሰሩትም እንደ አባትዎ ገበሬ ናቸው። ጠመንጃ ቀርቶ ደኅና ማጭድ የላቸውም።»

ካፒቴኑ ብርጭቆውን አሽከርክሮ «ይሁን» እንደማለት እጁን አወናጨፈ። በሳምንቱ ሦስቱም ተፈቱ። የተቃጠለውን እህል ነገር ግን ማንም አላነሣውም።

ከዚያ ወዲህ የዳኘው ጉሮሮ የመንደሩ ጉዳይ ማስፈጸሚያ ሆነ። በሬው የተነዳበትም፣ ልጁ የታፈሰበትም «እባክዎ ጭቃ ሹም፣ አንድ ይጠጡልኝ» እያለ ይመጣል። ገበያ ላይ ባንዳ እያለ የሚያማቸው ሰው እንኳ ቸግሮት መጥቷል። አንዳንዱ ልመና ተሳካ፤ አንዳንዱ ራስ ምታት ብቻ ሆኖ ቀረ።

በ፲፱፻፴፫ የካቲት ጣሊያን ቡሬን ለቆ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲሸሽ፣ ካፒቴኑ በዚያ ሁሉ ጥድፊያ መካከል ካሚዮኑን አስቁሞ የመጨረሻውን ሣጥን ለወዳጁ አስወረደ። አርበኞች የደረሱት ሣጥኑ ገና ከደጅ ሳይነሣ ነው።

አለቃቸው ፊታውራሪ ገብረሰንበት ከመንደሩ ዋርካ ሥር ተቀምጦ ዳኘውን አስቀረበ። «ከጠላት ጋር ስትጠጣ ከርመሃል አሉ።»

ላቀው ከሕዝቡ መካከል ወጣ። «ጌታዬ፣ እኔን ያስፈቱኝ ጠጥተው ነው።»

«ጠጥቶ ማስፈታት!» አለ ፊታውራሪው። «እኛ በዱር በገደል ስንረግፍ፣ ለካ አገር እንዲህም ይጠበቃል! አምጡት እስቲ ይህን መከራ።»

ጠርሙሱ ተከፈተ። ፊታውራሪው ተጎነጨ፤ ፊቱ ተጨማደደ፤ ሣሩ ላይ ተፍቶ ጢሙን ጠረገ።

«ስንት ዘመን ጠጣኸው?»

«ሦስት ክረምት፣ ጌታዬ።»

ገብረሰንበት ጠርሙሱን ወደ ጎን ገፋ። «በቃ ልቀቁት። ቅጣቱን ጨርሷል።»

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ዳኘው አልሳቁም። ቤት ሲገቡ አቻምየለሽ ጠርሙሶቹን ለኑግ ዘይት ሊያደርጓቸው ወይኑን ከጓሮ ይደፋሉ።

«አንዷን ተያት» አሏቸው።

«ደግሞ ለምንዎ?»

«እንጃ» አሉ ዳኘው።