የሥርጉት አንሶላ

ክንዱ ሥርጉትን በደንብ አያውቃትም። ካሜራዋን፣ ፕሮጀክተሯንና ያን ነጭ አንሶላዋን በባጃጁ ጭኖ ከባሕር ዳሩ ፔዳ ሰፈር እስከ ከተማው ዳር ሲያመላልሳት ዓመት አልፎታል፤ ሰው ስለ እሷ ሲጠይቀው ግን ይቸግረዋል። «ኧረ እኔ ምኑን አውቄው!» ይላል አንገቱን እያሻሸ። የሚያውቀው መንገድ ላይ ቆራርጣ የነገረችውን ብቻ ነው።

አባቷ የይፋግ ሰው ነበሩ። ገና በጀርባ የምትታዘል ልጅ ሳለች በመተማ በኩል ይዘዋት ወደ ሱዳን ተሰደዱ፤ ያደገችውም በስደተኞች ጣቢያ፣ ድንኳን ውስጥ ነው። ገዳሪፍ ላይ ሠርግ የሚቀርጽ አንድ ሰው መብራት እንድትይዝለት ቀጠራት። መብራት መያዙ ሲሰለቻት ካሜራውን ለመነችው፤ እሱም ሳይወድ ሰጣት። ኋላ ካርቱም ገብታ ስንቱን ሙሽራ ቀረጸች። ጦርነቱ ካርቱምን ሲያምሳት ካሜራዋን በቀሚሷ ሸሽጋ እንደገና ስደት ወጣች፤ የአሁኑ ስደት ግን ወደ አገሯ ነበር። ይፋግ ብትሄድ አባቷን የሚያስታውስ ሰው አጣች። ወደ ባሕር ዳር መጥታ ፔዳ አንዲት ክፍል ተከራየች።

ክፍሏ ውስጥ ወንበር የለም። ሻንጣዋ እስካሁን አልተፈታም። ሻይ ቤት እንኳ ሲገቡ በሩ አጠገብ ቆማ ነው የምትጠጣው።

«ወንበር ይፈጅሻል እንዴ?» ይላታል ክንዱ።

«አንተ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠህ ምን አተረፍህ?»

«የወገብ ሕመም!»

«በል ንዳ!»

እሑድ እሑድ ጣና ዳር ሠርግ ትቀርጻለች። ዋጋ ስትነጋገር ገሚሱን በእህልና በብርድ ልብስ ነው የምትጠይቀው። አንዳንዱ የሙሽራ አባት «ይች ደግሞ ካሜራ አንሽ ናት ወይስ የእህል ነጋዴ?» እያለ ቢያጉረመርምም መስጠቱ አይቀርም። እህሉና ብርድ ልብሱ ከቀያቸው ተፈናቅለው ከከተማው ዳር ለተጠለሉ ሰዎች ይሄዳል።

እዚያ ሌላም ሥራ አላት። ሲሸሹ የተበታተኑ ቤተሰቦች አሉ፤ ባል እዚህ፣ ሚስት ከሐይቁ ማዶ። ሥርጉት አንድ በአንድ ካሜራ ፊት ታቆማቸዋለች። ስማቸውን፣ አገራቸውንና የሚፈልጉትን ሰው ይናገራሉ። ያን ይዛ ወደ ሌላው መጠለያ ትሄዳለች፤ አመሻሽ ላይ አንሶላዋን በሁለት ባሕር ዛፎች መካከል ወጥራ ታሳያለች። «ውይ! አክስቴ ናት! እኔን!» የሚል ጩኸት ሲነሳ እሷ ፈንጠር ብላ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች።

በፆሙ ወራት ግን ትልቅ ጥፋት አጠፋች። አንድ ሰው አንሶላው ላይ ወጥቶ ዘመዶቹን ሲጠራ፣ ስለ አንዱ «ነፍሱን ይማረውና» አለ። የሟች እኅት ከፊት ተቀምጣ ነበር። ሽማግሌ ሳይቀርብ፣ ዘመድ ሳይሰበሰብ፣ ሕፃናት በሚንጫጩበት መሐል የወንድሟን መርዶ ሰማች። እዚያው የተጠለሉት መሪጌታ ኪዳነ ወልድ በማግሥቱ ሥርጉትን አስጠሯት።

«ልጄ፣ መርዶ በንጋት ነው የሚነገረው። የራሷ ሰው አጠገቧ ይሁን፤ ስትወድቅ የሚይዛት ይኑር። ይህ ጨርቅሽ ማንን ይይዛል?»

«አላወቅሁም መሪጌታ። እኛ ጣቢያ መርዶ የሚነገረው የውኃ ሰልፍ ላይ ነበር።»

 ከዚያ ወዲህ የቀረጸችውን ሁሉ አስቀድማ ታያለች። ሞት ካለበት ቆርጣ ታወጣና ለመሪጌታ ትነግራቸዋለች፤ እሳቸውም ዘመድ አስጠርተው ማለዳ ያረዳሉ።

ሰሞኑን አንድ ቀን ከሐይቁ ማዶ ስትመለስ ክንዱ በባጃጁ ተቀበላት። ከተማው ዳር ሊደርሱ ሲሉ «ደሞዝ» አለች። ደሞዝ የወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል አንድ ልጃቸው ነው። ወይዘሮዋ ፊልም በታየ ቁጥር ከፊት ይቀመጣሉ፤ ሲያልቅም «የእኔንስ?» ይላሉ። አብሮት ይሸሽ የነበረ ሰው ካሜራ ፊት ቆሞ፣ ደሞዝን በገዛ እጁ እንደቀበረው ተናግሯል።

መሪጌታ ሲሰሙ ራሳቸውን ያዙ። የወይዘሮዋ ወንድም ያለው ዱርቤቴ ከተማ ነው፤ እንዲመጣ ሰው ተልኮበታል፤ መርዶው በነጋታው ጎሕ ሲቀድ ይነገራል። «ዛሬ ግን እንደ ወትሮሽ አሳዪ። ብትቀሪ ይጠረጥራሉ» አሏት።

ክንዱ አንሶላውን ከባጃጁ እያወረደ «አላገኘሁትም በያቸው። አንዲት ሌሊት አይደለች?» አላት።

«ካሜራ ይዤ ልዋሽ? ነገ በምን ዓይናቸው ያዩኛል? ሌላው ሰውስ ከእንግዲህ ያምነኛል?»

«እንግዲያው ዝም በይ።»

«ዝም ስል ያውቁብኛል እኮ።»

ፊልሙ ሲታይ አንድ ቦታ መቆም አቃታት። የታሰረውን ገመድ ፈትታ ታስራለች፤ ጄኔሬተሩን ሄዳ ትነካካለች፤ ተመልሳ በመንገዱ ወደ ዱርቤቴ በኩል ታያለች። አንሶላው ላይ አንዲት እናት ልጆቿን ስትጠራ፣ ከመሐል አንድ ጎረምሳ «እማ!» ብሎ ተነሣ፤ ሰው አጨበጨበ፤ እልል ተባለ። ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤልም አብረው እልል አሉ።

ፊልሙ አልቆ ሰው ወደየድንኳኑ ሲበተን እሳቸው ከምንጣፋቸው አልተነሡም።

«ሥርጉት።»

«አቤት እማማ።»

«የሰውን ሁሉ አመጣሽ፤ እግዜር ይስጥሽ። የእኔን ደሞዝስ አየሽው?»

ክንዱ የአንሶላውን ጫፍ እንደያዘ ቀረ። ሥርጉት የጠቀለለችውን ገመድ ፈታች፤ መልሳ ጠቀለለች። ወደ መሪጌታ ድንኳን አየች፤ ከመሪጌታው በቀር በሩ ላይ ማንም የለም። የዱርቤቴው ወንድማቸው ገና አልደረሰም።

«አንችን እኮ ነው ልጄ። አየሽው ወይ?»

ገመዱን ጣለችው። መጥታም ምንጣፉ ላይ፣ ከአጠገባቸው ተቀመጠች። ክንዱ ስትቀመጥ ሲያያት የመጀመሪያው ነው። እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች፤ ፊቷን ወደ ባዶው አንሶላ አዙራ፣ ጎሕ እስኪቀድ አልለቀቀቻቸውም።