ለእህቴ የጸና፣ ለወንድሜ የተሻረ ሕግ

"ባሏን የፈታች ሴት ሠርግ ላይ አልገኝም" አለ አባቴ ዛሬ ጠዋት፣ መጽሐፍ ቅዱሱን ማቴዎስ ላይ ገልጦ። "ሕጉ አይሻርም ይላል።"

እህቴ የሚደበድባትን ባል ከፈታች አምስት ዓመቷ ነው። ቅዳሜ ልታገባ ነው።

ወንድሜ አምና ሚስቱን ፈትቶ ሌላ ሲያገባ ግን እዚሁ ቤቴል ሰፈር፣ ሳሎናችን ውስጥ አባቴ ኤፌሶንን ገልጦ "ሕጉ ተሽሯል፣ በጸጋ ነን" ብሎ መርቆታል። (ኬኩንም አብሮ ቆርሷል።)

"አባባ፣ ሕጉ የተሻረው ለወንድ ብቻ ነው እንዴ?" አልኩት።

"በእግዚአብሔር ቃል አትቀልጂ!" ብሎ ጮኸብኝ።

ሁለቱ ጥቅሶች እንዴት እንደሚታረቁ ፓስተሮች ይጨነቁበት። እኔን ያንገበገበኝ የትኛው ለማን እንደሚጠቀስ የሚመርጠው አባቴ መሆኑ ነው።

ይህን ሁሉ ቆማ ትሰማ የነበረችው እህቴ የጥሪ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ትታለት ወጣች። ቅዳሜ በእሱ ፋንታ ክንዷን ይዤ ወደ ሠርጓ የማስገባት እኔ ነኝ።

እናንተ ቤትስ ጥቅስ የሚመዘዘው በማን ላይ ነው?