ሽበት ያበቀለው ሐውልት

ቅዳሜ ጠዋት ከኮዬ ፈጬ የተነሣሁት እናቴን ለመለመን ነው። የአባቴን የመቃብር ሐውልት ሽበት ወረሰው ብላ፣ ላዩን በማሽን አስፍቃ ስሙን እንደ አዲስ ልታስጽፍ ቆርጣለች። ያንን ስም በመሮ የቀረጸው ግን በባቡር ጥገና አብሮት የሠራ ጓደኛው ነው፤ እሱም አልፏል። ማሽን ከነካው የሁለቱም ማስታወሻ ይጠፋል።

ሽበት የምንለው ድንጋይና ዛፍ ላይ የሚለጠፈውን ግራጫ ነገር ነው። እኔ በማስተምረው የባዮሎጂ ክፍል ላይከን ይባላል።

ሚኒባሱ በቱሉ ዲምቱ በኩል አቧራውን እያጨሰ ወሰደን። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ሳልጠይቃቸው ከፌስታላቸው ቆሎ ዘገኑልኝ። ቁርስ ሳልቀምስ ነበር የወጣሁት፤ እድሜ ይስጣቸው። አቃቂ ወርጄ በባጃጅ አባቴ እስካረፈበት ቤተ ክርስቲያን በር ሄድኩ።

እናቴ ቀድማኝ ደርሳ ሐውልቱን በብሩሽ ትፈትጋለች።

"ይኸው! በየዓመቱ እፍቀዋለሁ፣ በየዓመቱ ይብስበታል። ሰውዬው ከሰዓት ማሽኑን ይዞ ይመጣል።"

ድንጋዩን በጣቴ አሸት አድርጌ አሳየኋት። ዱቄት የመሰለ ነገር ተጣብቆበታል።

"እማዬ፣ ይሄ ፈንገስና አልጌ ተጋግዘው የሚኖሩበት ነው። ዘር አይፈልግም። ይቺ ብናኝ ሁለቱንም አቅፋ ነው የምትሄደው፤ ነፋስ ወይ ዝናብ ወስዶ ካሳረፋት እዚያው ትበቅላለች። ስባሪውም እንደዚሁ ነው። አንቺ በብሩሽ እየዘራሽው ነው።"

"ታዲያ እንደ ራስ ሽበት በዪኛ! እሱም ሲነቅሉት ይብሳል።"

ሳቅን። ከዚያ እጇን ይዤ ጣቷን ድንጋዩ ላይ አስኬድኩት። ፊደሎቹ ጠልቀው ስለተቀረጹ ከሽበቱ ሥር አሉ። የአባቴን ስም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጣቷ አነበበች።

"አባትሽ እኮ ፀጉሩ እንደ ከሰል ጠቁሮ ነው የሄደው" አለች። "አብረን እናረጃለን ብዬ ነበር። እንግዲህ እዚህ ሸበተልኝ።"

ስልኳን አውጥታ ለባለማሽኑ ደወለች። "ወንድሜ፣ አትልፋ። ቀርቷል።"

ጉልበቷን ሳምኩ። ብሩሹን እኔ ይዤው ተመለስኩ።

ማታ ኮዬ ቤቴ ገብቼ ፊቴን ስታጠብ መስታወቱ ውስጥ አንድ ነጭ ፀጉር አየሁ። ሌላ ቀን ቢሆን ወዲያው እነቅለው ነበር። አባቴ ያልደረሰበት እድሜ ላይ ደርሻለሁ። ተመስገን ብዬ ተውኩት።