ማሽላ የታሰረለት የመርከብ ጡሩምባ

ከአሶሳ ወጥቶ ባሕሩን በትልቅ መርከብ ዞሮ የተመለሰ ማን አለ ቢባል፣ በዘመኔ የማውቀው አባቴንና እኔን ነው። ይህን ስናገር ጉራ ነው የሚሉኝ አሉ። ጉራ ነው፤ ምን አለበት? ያየሁትን ነው የምጎርረው።

አባቴ ነጋዴ ነበር፤ ቡናና ዝባድ እስከ ካርቱም ይወስዳል። በአገራችን የሚከበረው ግን በንግዱ ሳይሆን በዙምባራ ጠባቂነቱ ነው። ዙምባራ እኛ በርታዎች ቅል በቅል ላይ እየቀጠልን የምንሠራው ረጅም መለከት ነው። አንዱ መለከት አንድ ድምፅ ብቻ ስላለው ሰው ብቻውን ዘፈን ሊያወጣበት አይችልም። አንዱ ትልቁን፣ ሌላው ትንሹን ይዞ እየተቀባበሉ ሲነፉ ነው ዘፈን የሚሆነው። ማሽላ ከተዘራ ጀምሮ እስኪደርስ ደግሞ አይነፋም፤ ከተነፋ ሰብሉ ይበላሻል። ስለዚህ መለከቶቹ ክረምቱን በቤታችን ጣሪያ ሥር ተሰቅለው ይከርማሉ። አዝመራው ሲደርስ አባቴ የመጀመሪያውን የማሽላ ራስ ቆርጦ በትልቁ መለከት አፍ ላይ ያስራል፣ ከዚያ ይነፋል። ያን የማሽላ ራስ እስከሚቀጥለው አዝመራ ድረስ ከእጁ አያወጣም።

ከመነፋቱ በፊት ግን ትልቁ ሽማግሌ በሰው ሁሉ ፊት ይጠይቀዋል። «ክረምቱ በዝምታ አለፈ?» ይለዋል። አባቴም «በዝምታ አለፈ» ይላል። አያቴም፣ የአያቴ አባትም እንዲሁ ሲሉ ኖረዋል። በዝምታ አላለፈም ያለ ጠባቂ እስከዚያ ድረስ አልነበረም፤ ቢኖር ጠባቂነቱ ከቤቱ ይወጣል።

አንድ የእስክንድርያ ነጋዴ አገራችን መጥቶ በወባ ወድቆ ነበር። እኛ ቤት ተኝቶ፣ እናቴ እያስታመመችው ዳነ። ካገሩ ከገባ በኋላ ለአባቴ መልእክት ላከለት፤ ባቡሩ ካርቱም ደርሷልና ና፣ በትልቅ መርከብ ባሕሩን ላዙርህ አለው። አባቴ የዚያን ጊዜ ዓይኑ ደክሟል፣ ከፊቱ ያለውን ሰው እንኳ የሚለየው በድምፁ ነው። ዓይን እንድሆነው እኔን አስከተለኝ። ሽማግሌዎቹ ጠባቂ በክረምት ከቤቱ መውጣቱን አልወደዱም። እሱም፣ «መለከቶቹን ሚስቴ ትጠብቃለች። እኔም ባለሁበት ማሽላ ሳይደርስ መለከት አይነፋም» አላቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ያለፈውን ዓመት የማሽላ ራስ በጨርቅ ጠቅልሎ ከረጢቱ ውስጥ ከተተና ተነሣን።

በበቅሎ፣ በጀልባ፣ በባቡር ተጉዘን እስክንድርያ ገባን። መርከቡ የአሶሳን ገበያ ከነሰዉ ከነአህያው ይይዛል። ጭሱ ሰማዩን ያጠቁራል። ውስጡ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ገበታ፣ ከግድግዳ የተሰካ አልጋ፣ ባለጃንጥላ ሴቶች፣ ለመዝናናት ብቻ የሚዞሩ ሀብታሞች። አባቴ በእጁ ሲበላ አፍጥጠው ያዩታል፤ እኔም መልሼ አፈጥጥባቸዋለሁ፤ ቀድመው ዓይናቸውን የሚሰብሩት እነሱ ናቸው።

«ውሃው ምን ይመስላል?» ይለኛል አባቴ።

«ሰማያዊ ነው፣ አባ።»

«ማዶውስ?»

«ማዶ የለውም።»

«ማዶ የሌለው ውሃ የለም። ደህና አድርገሽ እዪ።»

ዓባይን የሚያውቅ ሰው ነውና አልፈረድኩበትም።

ከእስክንድርያ ስንነሣ የመርከቡ ጡሩምባ ጮኸ። አባቴ ክንዴን ጨብጦ ያዘ። ቤይሩት ላይ ደገመው። ከዚያ ወዲያ እህል አልቀምስ አለ። ነጋዴው ባሕሩ ያዞረው መስሎት ሎሚ ይዞለት ይመላለሳል። እኔ ግን ገብቶኛል።

«ቤታችን ያለው ማሽላ አሁን ጉልበት ደርሷል» አለኝ አባቴ። «ቃል ሰጥቼ ነው የወጣሁት።»

በማግስቱ ነጭ ጀለቢያውን ለበሰ፣ ጥምጥሙን አስተካከለና ወደ መርከቡ ካፒቴን ውሰዱኝ አለ። ነጋዴው አፈረ።

«ሼህ፣ ይስቁብናል እኮ» አለው።

«ይሳቁ። የሚስቅ ሰው ቢያንስ ሰምቶኛል።»

ካፒቴኑ ነጭ ሪዝ ያለው ሽማግሌ ነበር። አባቴ ነገሩን ከሥሩ አስረዳው፤ ማሽላው እስኪደርስ ጡሩምባው ዝም ይበል አለው። ነጋዴው አንገቱን ደፍቶ አስተረጎመ። ካፒቴኑ አልሳቀም። ወደብ ላይ መርከብ ይበዛል፣ ሳንነፋ ከተንቀሳቀስን እንጋጫለን፣ ሰው ያልቃል ብሎ መለሰ። አባቴ ብዙ አሰበ።

«ለሰው ነፍስ ከሆነ አልከለክልም» አለ። «ያለ ማሽላ ግን አይነፋም።»

ከከረጢቱ ያንን የማሽላ ራስ አውጥቶ ዘረጋለት። ካፒቴኑ ተቀብሎ አገላብጦ አየው። ከዚያ ጡሩምባው የሚሳብበት ገመድ ወዳለበት ይዞን ወጣ፤ አባቴም በገዛ እጁ አሰረው።

ኢዝሚር ደርሰን ልንነሣ ስንል ካፒቴኑ አባቴን አስጠራው፤ ራሱ ይሳበው አለ። የአባቴን እጅ ይዤ ገመዱ ላይ አኖርኩት። ሳበው። ከተማው በሙሉ ሰማ፤ ከወደቡ ርግቦች ተነሡ፤ ባለጃንጥላዎቹ ሴቶች ቀና ብለው ማን እንደሆነ ፈለጉ። ወላሂ፣ የዚያን ቀን የተሰማኝን ኩራት በሠርጌም ቀን አላገኘሁትም። የኔ አባት ነው ብዬ ብጮህ ደስ ባለኝ፤ ቋንቋቸውን አላውቅም እንጂ።

አባቴ ግን ገመዱን ለቆ ጆሮውን አቅንቶ ቆሞ ቀረ።

«ምን ትጠብቃለህ፣ አባ?» አልኩት።

«የሚቀበለኝን።»

ማንም አልተቀበለውም። አልቋል፣ እንውረድ አልኩት።

እስከ ኢስታንቡል ሄደን ተመለስን፤ ማሽላው ገመዱ ላይ እንደታሰረ ነበር። እስክንድርያ ስንወርድ አባቴ ፈትቶ ወሰደው። በከሰል ጭስ ጠቁሯል፣ ፍሬው ሳስቷል።

አገራችን ስንደርስ ማሽላው ራሱን ደፍቶ ቆሟል፤ አጨዳው ሊጀመር ነው። የኔ ሐሳብ ግን የሽማግሌው ጥያቄ ላይ ነበር። ጡሩምባውን የሰማ ያገር ሰው ከኔ በቀር የለም።

«አባ፣ ዝም አይነቅዝም ይባላል» አልኩት።

«እኔ የምጠብቀው ዝምታ ይህን አይደለም» አለኝ።

በቀኑ ሰው ሁሉ ደጃችን ተሰበሰበ። ትልቁ ሽማግሌ በትሩን ተደግፎ ጠየቀ።

«ክረምቱ በዝምታ አለፈ?»

«እኔ ባለሁበት በዝምታ አላለፈም» አለ አባቴ። «መርከቡ ጡሩምባ ነበረው። ሁለት ወደብ ላይ ሳላውቅ ተነፋ። ከዚያ በኋላ ግን ያለ ማሽላ አልተነፋም፤ አንድ ጊዜም የነፋሁት እኔ ነኝ።» የጠቆረውን ማሽላ አውጥቶ ሰጠ።

ሰዉ አጉረመረመ። እናቴ መሬት መሬቱን ታያለች። ሽማግሌው ማሽላውን አሸተተው።

«መርከቡ ትልቅ ነው?» አለ።

«ያገራችንን ሰው ሁሉ ይጭናል።»

«ጡሩምባውን ስንት ሰው ይነፋዋል?»

«አንድ።»

«ስንት ድምፅ አለው?»

«አንድ።»

«እና ያን ሁሉ ሰው ጭኖ ሲጮህ የሚቀበለው የለም?»

«ቆሜ ጠብቄ ነበር። የለም።»

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ፤ ለመርከቡ ያዘነለት ይመስል ነበር። ወደ ሰዉ ዞረና፣ «ብቻውን የሚጮህ ነገር መለከት አይባልም» አለ። «ክረምቱ በዝምታ አልፏል። አውርዳቸው።»

መለከቶቹ ከጣሪያው ወረዱ። አባቴ አዲሱን የማሽላ ራስ በጣቱ እየዳሰሰ አሰረና ትልቁን ነፋ። እንደ ኢዝሚሩ ጊዜ ጆሮውን አቀና። የዚያን ቀን ግን ብዙ አልጠበቀም።