የወገብ ክኒን

ባሌ ሥራ ሲያቆም የሚታመም ዓይነት ሰው ነበር። ምሳውን ቆሞ ይጎርሳል፤ ሰው እያናገረው እጁ አንድ ነገር ይፈታታል፤ እሑድ ቤት ከዋለ ግቢውን ሲዞር ይመሽበታል። ከጎጃም ወደ ቆላው የወረደው ለአንድ ክረምት አረም ብሎ ነው፤ ትራክተር መንዳት ተማረና በዚያው ቀረ። እኔ የገንዳ ውሃ ልጅ ነኝ። በረንዳዬ ላይ የስፌት መኪና ዘርግቼ ለቀን ሠራተኞች ሱሪ እሰፋለሁ፣ የተቀደደ ድንኳን እጠቅማለሁ። ልንጋባ ስንል እናቴ፣ «ይህ ሰው ከሰኔ እስከ ኅዳር ያንቺ አይደለም፤ የሰሊጡ ነው» ብላኝ ነበር። እውነቷን ነው።

የሚነዳበት እርሻ ከሽንፋ ወዲያ ነበር። ባለቤቱ ከጎንደር የመጡ፣ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። የትራክተሩ ወንበር ስፖንጁ አልቆ ብረቱ ቀርቶ ነበር። ዋልካው አፈር በበጋ ተሰነጣጥቆ እንደ ድንጋይ ይደርቃል፤ ያን ሲያርስ የዋለ ሰው ከወገቡ በታች የራሱ አይመስለውም። ባሌ ማታ ከትራክተሩ ሲወርድ ጎንበስ እንዳለ ይቆያል አሉ፤ ቀና ለማለት የጎማውን ጠርዝ ይዞ ነው።

አንድ ቀን ሌላ ሾፌር አንድ ክኒን ሰጠው። ሕመሙ ለቀቀው። ከዚያ ወዲህ ክኒኑ ከኪሱ አልጠፋም። ከገንዳ ውሃ መድኃኒት ቤት ዲክሎፌናክ የሚባለውን ማስታገሻ ይገዛል፤ መተማ ዮሐንስ ሲወርድ ደግሞ ከድንበሩ ሱቆች በዐረብኛ የተጻፈበትን ሌላ ክኒን ይዞ ይመጣል። «ይሄ ለወገብ፣ ይሄ ለራስ ምታት» ብሎ ለይቷቸዋል። ጠዋት እህል ሳይቀምስ፣ ቀን ፀሐይ ሲበረታ፣ ማታ ደግሞ እንቅልፍ እንዲወስደው ይውጣል። አረቄ ከተገኘም በአረቄ። ማንም ምን ነካህ አላለውም። በዚያን ጊዜ እኛ ዘንድ ማስታገሻ ከመድኃኒት አይቆጠርም። «ክኒን እኮ ነው፤ መርፌ አይደል» ይባል ነበር።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ዘገየ። ሰኔ እስኪጋመስ ሰማዩ ደረቅ ሆኖ ቆየና ድንገት ዘረገፈው። ከተማው ዕረፍት አጣ። ኢሱዙዎች ከደጋ የመጣ ሠራተኛ አጭቀው ይገባሉ፤ ነዳጅ የጫኑ ይወጣሉ፤ ባለሀብቱ ሁሉ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ መንገድ ለመንገድ ይራወጣል። ጭቃው ሳይጠና ያልዘራ ሰው ዓመቱ አለቀ ማለት ነው።

ባሌ በመጨረሻ ወደ ቤት በመጣ ጊዜ ሁለት ጉርሻ በልቶ እጁን አነሳ። ከጎድኑ በታች በመዳፉ ጫን ጫን ያደርጋል።

«ምን ሆነሃል?» አልኩት።

«ጨጓራዬን ትንሽ ያቃጥለኛል።»

ወተት ፈልጌ ስመጣ ከዚያው ከወገቡ ክኒን አንዱን እያወጣ አገኘሁት።

«እሱ የወገብ አይደል እንዴ?»

«የሕመም ነው። ይሄስ ሕመም አይደል?» ብሎ ዋጠው። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። እርሻው ላይ ስልክ አይሠራም፤ ቅዳሜ ይመጣል ስል ቀረ። አንድ ጠዋት ሱሪ ሊያስጠግን የመጣ የእርሻው ሠራተኛ መርፌው ሥር ጨርቁን ስገፋ እያየኝ፣ «ባልሽ ደኅና አይመስለኝም፤ ሰሞኑን ዛፍ ሥር ተቀምጦ ነው የሚውል» አለኝ።

ወድቋል ቢለኝ፣ ተጣልቷል ቢለኝ እንዲህ አልደነግጥም ነበር። ባሌ ተቀምጦ የሚውል ሰው አይደለም። መስፋት ጀመርኩ፤ ስፌቱ ተጣመመ። ፈታሁት። ደግሜ ሰፋሁት፤ ደግሞ ተጣመመ። ውሃ ልጠጣ ተነሥቼ ሳልጠጣ ተመለስኩ። ከዚያ በሬን ቆልፌ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ። በጭቃው ምክንያት ሚኒባስ የለም። ከነዳጅ በርሜሎች ጋር በጭነት መኪና ላይ ተሳፈርኩ። መኪናው በተንሸራተተ ቁጥር ሾፌሩ ይስቃል፤ እኔ በርሜሉን አቅፌ መንገዱን በዓይኔ እገፋዋለሁ። ሽንፋ ስደርስ አልተቀመጥኩም፤ ወደ እርሻው የሚሄድ ሌላ መኪና እስኪገኝ ድረስ ገበያውን ወዲያ ወዲህ እል ነበር።

የእርሻው ካምፕ ስደርስ እኩለ ቀን ሆኗል። መጀመሪያ ያየሁት ትራክተሩን ነው። ማሳው መካከል ሞተሩ ጠፍቶ ቆሟል፤ ከላዩ ደመናው ጠቁሯል። ባሌ ዛፍ ሥር ተደግፎ ነበር።

«ምን ልትሠሪ መጣሽ?» አለኝ።

«አንተን ለማየት። ፊትህ ምን ሆነ?»

ፊቱ አመድ መስሏል፤ ከንፈሩ ነጥቷል።

«ወባ ሳይሆን አይቀርም። ነገ ይለቀኛል» አለና ደኅና መሆኑን ሊያሳየኝ ተነሣ። ሁለት እርምጃ ሳይራመድ ተንገዳገደና አስመለሰው። የወጣው የቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ነገር ነው። ጮህኩ።

የእርሻው ባለቤት ከድንኳን ወጡ። መጀመሪያ ወደ ሰማዩ ነው ያዩት፤ ያን አልረሳም። «ዛሬ ካልዘራን እኮ…» ብለው ጀመሩና መሬት ላይ ያለውን ሲያዩ ቃላቸውን ዋጡት። «ጫኑት» አሉ። ፒካፓቸውን ራሳቸው አስነሡ።

ብዙም ሳንርቅ አንዲት ቦይ ላይ መኪናው እስከ ሆዱ ሰመጠ። ጎማው ጭቃ ይረጫል እንጂ አይላወስም። ባሌ በሩን ከፈተ።

«ወዴት ነው?» አልኩ።

«ትራክተሩን ላምጣውና ልጎትተው። እኔ ካልሆንኩ ማን ይነዳዋል?»

እግሩ መሬት ሲነካ በጉልበቱ ተደፋ። ባለቤቱ በትከሻው ይዘው መልሰው አስገቡት።

«እኔ እነዳዋለሁ። ሀብት ሳይኖረኝ ሾፌር ነበርኩ» አሉና ሱሪያቸውን ጠቅልለው በጭቃው ወደ ካምፑ ተመለሱ።

እስኪመጡ የጠበቅነው ጊዜ ምን ያህል እንደሆነ አላውቅም። ዝናቡ መኪናው ጣራ ላይ ይደበድባል። እጁን ያዝኩት፤ በዚያ ሙቀት ቀዝቅዞ ላብ ያጠምቀዋል። በመስኮት አያለሁ፣ ወደ እሱ ዞሬ አያለሁ፣ ደግሞ በመስኮት።

«ሰገራዬ ከጠቆረ ሰንብቷል፤ እንደ ሬንጅ» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ለምን አልተናገርክም?»

«ለማን? የሚዘራበት ጊዜ ነው። ደግሞ ይህ ይወራል እንዴ?»

ዐይኑን ሊጨፍን ሲል እየነቀነቅሁ አስወራሁት፤ ስለ አገሩ፣ ስለ ወንድሙ በሬዎች፣ ያገኘሁትን ሁሉ ጠየቅሁት። በመጨረሻ የትራክተሩ ድምፅ ተሰማ። ሰውየው ካፖርታቸው ጭቃ ለብሶ፣ መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው መጡ። ባሌ በዚያ ሁኔታው እንኳ፣ «ማርሹን አሳስተውታል» አለ። ጎትተው አወጡን።

ገንዳ ውሃ ጤና ጣቢያ ስንደርስ የጤና ባለሙያው የዐይኑን ሽፋን ገልጦ አየና፣ «ምን መድኃኒት ይወስዳል?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ምንም። መድኃኒት አይወድም» አልኩ፤ ከልቤ ነበር። «የወገብ ክኒን ብቻ ነው።»

«እስቲ አሳዩኝ።»

ከባሌ ኪስ ሁለቱም ወጡ። ባለሙያው የመጀመሪያውን አንብቦ አስቀመጠ። የሁለተኛው ጽሕፈት ዐረብኛ ነበርና ከደጁ ወረፋ የሚጠብቁ አንድ ነጋዴ ጠርቶ አስነበባቸው። ሰውየው ክኒኑን ወደ ብርሃን አስጠግተው፣ «አይቡፕሮፌን ይላል» አሉ።

«ሁለቱ የአንድ ቤተ ሰብ ልጆች ናቸው» አለን ባለሙያው። «ስማቸው ተለያየ እንጂ ሥራቸውም ጉዳታቸውም አንድ ነው። አንዱን በሌላው ላይ ሲደርብ ነው የከረመው። ጨጓራው እየደማ ነው፤ ጎንደር መድረስ አለበት።» ግሉኮስ ሰካለትና አምቡላንስ ላይ አወጣን። የእርሻው ባለቤት በፒካፓቸው ተከተሉን። ዘሩን አላነሡም።

ጎንደር ስንደርስ ደም ያስፈልጋል ተባለ። ባለቤቱ ካፖርታቸውን አውልቀው ቀደሙ፤ «ከኔ ቅዱ» አሉ። ነርሷ ግፊታቸውን ለካች። ደግማ ለካች።

«አባቴ፣ ግፊት አለብዎት እንዴ?»

«አለብኝ። መድኃኒቱን እወስዳለሁ።»

«ታዲያ ምነው እንዲህ ከፍ አለ? ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?»

እጃቸውን ካፖርታቸው ኪስ ከተቱና ያንኑ ዓይነት ክኒን አወጡ። «ለጉልበቴ ነው እንጂ መድኃኒትስ አይደለም» አሉ፤ ወዲያው የያዙትን አዩና እኔን አዩ። ማናችንም አልሳቅንም።

«ይህ ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ የግፊት መድኃኒቱን ሥራ ያሰናክላል፤ ኩላሊትንም ይጎዳል» አለቻቸው ነርሷ። «ደም መስጠት አይችሉም። ሐኪምዎን ሳያማክሩ ይህን ክኒን እንዳይነኩ።» ትልቁ ሰው እንደ ተቆጡት ተማሪ አንገታቸውን ደፉ። ደሙን እኔ ሰጠሁ፤ ከደም ባንክም ተጨመረለት።

መድማቱ ሲቆም የምታክመው ሐኪም አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ አስረዳችን። ጨጓራ የራሱ አሲድ እንዳይበላው የሚሸፍነው ልባስ አለው፤ ይህ ክኒን ወገብ ላይ ሕመሙን ሲያበርድ ጨጓራ ላይ ያን ልባስ ያሳሳዋል። በባዶ ሆድና በአረቄ ሲሆን ይብሳል፤ ሁለት ዓይነት ሲደረብ ደግሞ እጅግ ይከፋል። ሰው በፀሐይ ውሎ ላቡ ተንጠፍጥፎ ውሃ ሳይጠጣ ከወሰደው ኩላሊቱም ሊደክም ይችላል።

«ታዲያ መርዝ ነው?» አላት ባሌ።

«አይደለም። ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ለሚስማማው ሰው፣ በትንሹ መጠን፣ ለጥቂት ቀን፣ ምግብ ከተበላ በኋላ። ወር ሙሉ የሚዋጥ አይደለም። ሕመሙ በጥቂት ቀን ካልተሻለ ክኒን መጨመር ሳይሆን መታየት ነው። አንተ ግን ከእንግዲህ ይህን ቤተ ሰብ ተሰናበተው። ሲያምህ ፓራሲታሞል ውሰድ፤ እሱንም ከተነገረህ መጠን እንዳታልፍ፣ ጉበት ይነካል።»

«ወገቤስ?»

«ወገብህማ ወንበሩን ነው የሚከሰው» አለችው፤ የትራክተሩን ነገር ነግሬያት ነበር።

ጨጓራው ውስጥ ባክቴሪያም ተገኝቶ ነበርና የሚያጠፋ መድኃኒት ተሰጥቶት ወደ ቤት ተመለስን። ያ ክረምት ከሆስፒታሉ ይልቅ ቤት ውስጥ ከበደን። ሌላ ሾፌር ተቀጥሮ ነበር። ትራክተር በመንገዱ ባለፈ ቁጥር ባሌ ወደ በሩ ይወጣል፤ ሞተሩን በድምፁ ለይቶ፣ «የዚህ ማጣሪያው ተደፍኗል» እያለ ይመለሳል። በትንሹም በትልቁም እንጣላለን። ሳላየው ዋጠ አልዋጠ እያልኩ እኔም ዕረፍት አልነበረኝም፤ ከሽንት ቤት በወጣ ቁጥር ሰገራህ ምን መሰለ ብዬ እጠይቀዋለሁ። እሱ ያፍራል፤ እኔ አላፍርም።

በቀጣዩ ዓመት ወደ እርሻው ተመለሰ። ባለቤቱ አዲስ ወንበር አስገጥመው ነበር፤ ጉልበታቸውንም በሐኪም ማሳየት ጀምረው ነበር። ቢሆንም ባሌ ሳምንት ሳይሞላው በራሱ ፈቃድ መጣ። «ወንበሩ ጥሩ ነው፤ ወገቤ ግን አርጅቷል። ከዋልኩበት ያን ክኒን ያምረኛል» አለኝ። ይህን በመናገሩ ያን ቀን እንዳከበርኩት ሌላ ቀን አላከበርኩትም። የወፍጮና የውሃ መሳቢያ ሞተር መጠገን ጀመረ። ቀን ሙሉ ይቆማል፣ ያጎነብሳል፣ ይራመዳል፤ ሲያመው ጋደም ይልና ሐኪሟ ያሳየችውን እንቅስቃሴ ይሠራል። ሕመሙ ጨርሶ አልጠፋም።

አንድ ጥቅምት፣ አብርሃ ጅራ ከተማ ወፍጮ ሊጠግን ሄዶ አብሬው ነበርኩ። ጉንጩ ያበጠ አንድ ሠራተኛ ከሱቅ ደጃፍ ክኒን ገዝቶ ያለ ውሃ ሊውጥ ሲል ባሌ እጁን ያዘው።

«ምንህን ነው?»

«ጥርሴን። ልቀቀኝ ጃል፤ ሰሊጡ እየረገፈ ነው።»

«ቁርስ በልተሃል?»

«አልበላሁም።»

«ጨጓራ ያምሃል?»

«አዎ፣ ያመኛል።»

ባሌ ክኒኑን አልቀማውም። ትከሻውን አቅፎ ወደ ጤና ጣቢያው ይዞት ሄደ፤ ወፍጮው ተፈታትቶ፣ ባለወፍጮው በሁለታችን ላይ እየጮኸ። እኔ ብሎኖቹን እየሰበሰብኩ ቆየሁ። ሲመለስ፣ «ጥርሱ ተነቀለ» ብሎኝ መፍቻውን አነሣ።