ድንጋይ የሚመስል ቀለም

መቐለ፣ ዓዲ ሓቂ ሰፈር ያለው ቤታችን ከውጭም ከውስጥም ጥርብ ድንጋይ ነበር። ባለቤቴ "ሳሎኑ ጨለመብኝ" ብላ ስትነዘንዘኝ የውስጡን ግድግዳ በሙሉ በጀሶ አስለሰንን። ቤቱ ነጭ በነጭ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ደግሞ "ዓይደር ሆስፒታል የተኛሁ እየመሰለኝ ነው" አለች።

ቀለም መሸጫ ሄድን። ሻጩ የናሙና ጥራዙን ዘረጋልን፤ ሐር የሚመስል አለ፣ አሸዋ የሚመስል አለ። ባለቤቴ ሁሉንም አልፋ መጨረሻው ገጽ ላይ ጣቷን አሳረፈች። የመቐለን ጥርብ ድንጋይ የሚመስል ቀለም ነው፤ ከሁሉም ውዱ።

"እሱ እኮ ጀሶው ስር አለልሽ!" ብዬ ጮህኩ።

ሻጩ በሐዘኔታ አየኝ። "ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ያኛው እንደዚህ አይታጠብም" አለኝ።

ቀለም ቀቢው ቤት ሲመጣ፣ መልኩን በትክክል እንዲያገኘው እውነተኛ ድንጋይ እንዳሳየው ጠየቀኝ። በንዴት መዶሻ አነሳሁና ከበሩ ጀርባ ያለውን ጀሶ ፈነቀልኩለት። ድንጋዩ ብቅ አለ። ሰውየው ድንጋዩን እያየ ቀለሙን በጠበጠ፣ እያየ ቀባ፤ የድንጋዮቹን መጋጠሚያ እንኳ አልረሳም።

ሥራው ሲያልቅ ባለቤቴ ግድግዳውን በመዳፏ እየዳበሰች ሳሎኑን ዞረች። ፊቷ በርቷል። ከበሩ ጀርባ ስትደርስ ግን ቆመች።

"ይቺ ቦታ ድንጋይ አትመስልም" አለች። "ሳይሄድ እሷንም ይቀባት።"

እልህ ይዞኝ ጎንበስ ብዬ አየሁ። እውነቷን ነው፤ አትመስልም።