የእህቴ መድኃኒት ያረጀበት ሳምንት

ታናሽ እህቴ የእንቅርት ዕጢዋ ካንሰር ሆኖ በቀዶ ጥገና ወጣላት። የተረፈውን የሚያጠፋው ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ከውጭ በአውሮፕላን ይመጣል፤ በየስምንት ቀኑም ጉልበቱ በግማሽ ይቀንሳል። የማጓጓዣ ፈቃድ ይኑረው አይኑረው ግድ የለውም። እሷ ለሕክምናው ስትዘጋጅ የወጣላትን ዕጢ ሥራ የሚተካውን ኪኒኗን ካቋረጠች ወር አልፏታል። ፊቷ አብጦ፣ በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ደርባ፣ ቄራ ያለው ቤቷ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ትታገላለች።

የመድኃኒቱ ሳጥን ሰኞ አየር ማረፊያ ደረሰ። ፈቃዱ ላይ ታርጋው የተጻፈው መኪና ግን ተበላሽቶ ጋራዥ ገብቷል። አምሳያው፣ ያው የጨረር ምልክት ተለጥፎበት፣ ካዛንቺስ የመድኃኒቱ አስመጪ ቢሮ በር ላይ አቧራ ይጠጣል።

«ፈቃዱ ላይ ታርጋ ይቀየርልን ብለን ለጨረር ቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ ጽፈናል ጋሼ» አለችኝ ጸሐፊዋ። «የሚፈርሙት ሰውዬ ስልጠና ላይ ናቸው።»

«የምን ስልጠና?»

ሳቋን ዋጥ አደረገች። «የራዲዮአክቲቭ ዕቃ አጓጓዝ።»

ስልጠናው ያለበት ሆቴል በእግር አሥር ደቂቃ ነው። ሻይ ሰዓት ላይ ደረስኩባቸው። ባለጌ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር፤ ትሑት ሰው ናቸው። ሳምቡሳቸውን አስቀምጠው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ይገባኛል ወንድሜ። ማኅተሙ ግን ቢሮ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ እኔ ጋ ነው።»

«ታክሲ ልያዝና እንሂዳ!»

«ከሰዓት ገለጻ አቀርባለሁ። ደግሞ ይሄ ነገር ጥድፊያ አይወድም።»

«እሺ፣ ሰው ይወክሉ።»

«ውክልናውም ማኅተም ይፈልጋል» አሉ፤ አላሾፉም።

ስልጠናው አልቆ በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ፈረሙ። ሳጥኑ በእርሳስ ተሸፍኖ፣ ምልክቱ በአራቱም ጎን እየታየ፣ ማንንም ሳይጎዳ ሆስፒታል ገባ። እንደ ሪፖርት እንከን አይወጣለትም። የሆስፒታሉ ባለሙያ ለካው፤ ግማሹ የለም። ለእህቴ የታዘዘውን መጠን አይሞላም። ቀጣዩ መቼ እንደሚመጣ ሲጠየቅ ትከሻውን ሰበቀ።

ቄራ ስደርስ ሆስፒታል ለብቻዋ ለምትተኛባቸው ቀናት ቦርሳ አዘጋጅታ፣ ጫማዋን አድርጋ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ነገርኳት።

«ኪኒኑን ልጀምር?»

«ጀምሪ ብለዋል። መድኃኒቱ ሲመጣ እንደገና ታቋርጫለሽ።»

ቦርሳዋን በእግሯ ገፋ አደረገችው።

«እንደገና?» አለች። «በቃ... እኔ አልችልም።»

ጫማዋን እንዳደረገች ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች።